ጥይትም ገበያ አለው

«ውድድር ካለ ዋጋ ይወርዳል» የሚለውን ትምህርት ዛሬ የማያውቅ ሰው የለም። ኢኮኖሚክስ የተማረውም ያልተማረውም፣ ታክሲ የሚጠብቀውም፣ ሽንኩርት ተራ የቆመውም ይናገረዋል። አንድ ሱቅ ብቻ ባለበት ሰፈር ስኳር ይወደዳል። ከጎኑ ሁለተኛ ሱቅ ሲከፈት ባለሱቁ ድንገት ትሑት ይሆናል፤ «እንዴት አደሩ» ማለት ይጀምራል፤ ምርቃትም ይጨምራል። ይሄ እውነት ነው፤ አልጣላውም። እኔን የሚከነክነኝ ግን ይህ ሕግ በሁሉም ዕቃ ላይ እኩል ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ለምሳሌ በጥይት ላይ።

«ደግሞ ጥይትን ምን አመጣው?» ትሉኝ ይሆናል። እኛ እኮ በጥይት የተገበያየን ሕዝብ ነን። በምሳሌ መናገሬ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በሃያኛው መጀመሪያ ላይ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ትሬዛ ብር ጎን ለጎን ገበያ ላይ መልስ ሆኖ ይሰጥ ነበር። ብሩ ትልቅ ነው፤ ለአንድ ቁና ሽምብራ አይዘረዘርም። አሞሌው ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፣ መንገድ ላይ ይሸራረፋል። ጥይት ግን ቁመቱም ክብደቱም አንድ ዓይነት ነው። አይሟሟም፣ አይሸራረፍም፣ ተቀባይ ቢያጣም ይተኮሳል። (የትኛው ብር ነው ተቀባይ ሲያጣ የሚተኮሰው?) ባዶ ቀለሁ ሳይቀር ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደገና ስለሚሠራ ዋጋ ነበረው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ፓሪስ ላይ ያስቀረጹት ብር ሲመጣ እንኳ ሕዝቡ ወዲያው እሺ አላለም። አዲሱን ብር እያገላበጠ ያይና ወደለመደው ወደ ማርያ ትሬዛ፣ ወደ አሞሌውና ወደ ጥይቱ ይመለስ ነበር።

(በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። የራሳችንን ስጠቀም «ዓ.ም.» እላለሁ።)

እንግዲህ አስቡት። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር የጥይት ዋጋ ወጣ ወረደ ማለት የገንዘቡ ዋጋ ወጣ ወረደ ማለት ነው። ያን ዋጋ የሚያወጣና የሚያወርደው ደግሞ የእኛ ገበያ ብቻ አልነበረም። ነገሩ የሚወሰነው ቀይ ባሕር ዳር ላይ ነበር። ጣሊያን በ1882 አሰብን፣ በ1885 ምጽዋን ያዘች። ፈረንሳይ በ1884 ኦቦክ ላይ ተተከለች። ሁለቱም አንድ ደንበኛ ይፈልጋሉ፤ እሱም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነው። ሁለት ሱቅ፣ አንድ ገዢ።

በዚህ ገበያ ውስጥ ገብተው እጃቸው ከተቃጠለ ነጋዴዎች አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐረር «የራምቦ ቤት» የሚባለው ቤት የሚጠራበት አርተር ራምቦ ነው። የፊልሙን ራምቦ አይደለም የምላችሁ፤ ምንም እንኳ ሁለቱም ከጥይት ጋር ቢተዋወቁ። ፈረንሳዮች ታላቅ ገጣሚያችን የሚሉት ይህ ሰው ግጥሙን ገና በወጣትነቱ እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ ንግድ ገባ። በ1885 መጨረሻ ላይ ላባቱ ከሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ተዋውሎ ለምኒልክ መሣሪያ ሊያመጣ ተነሣ። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ሒሳቡን በግልጽ አስቀምጦታል። ጠመንጃዎቹ ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው፤ ሊየዥ ወይም ፈረንሳይ አገር አሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል፤ ለሸዋው ንጉሥ ግን ወደ 40 ፍራንክ ይሸጣል። አምስት እጥፍ! ዛሬ መርካቶ ውስጥ ይህን የሚያህል ትርፍ የሚያገኝ ሰው ቢኖር አደባባይ ላይ አያወራውም።

ነገር ግን ትርፉ በወረቀት ላይ ነበር። ታጁራ ላይ ግመል ሲጠብቅ፣ ፈቃድ ተከለከለ ተፈቀደ ሲባል ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀረው። በዚህ መሀል ሸሪኩ ላባቱ በካንሰር ሞተ። ራምቦ በኦክቶበር 1886 ወደ 2,000 ጠመንጃና ወደ 60,000 የሬሚንግተን ጥይት አስጭኖ በአፋር በረሃ ተጓዘና በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ ግን እዚያ አልነበሩም። ሐረርን ይዘው መመለሳቸው ነበር። በጃንዋሪ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው፣ ግብፆች ሐረር ላይ ትተውት ከሄዱት መሣሪያ ብዙውን በእጃቸው አስገብተዋል። ከአሰብ በኩል ደግሞ የጣሊያኑ አንቶኔሊ መሣሪያ ሲያመላልስ ከርሟል። እንዲህ ባለ ሰዓት ነው ምስኪኑ ራምቦ «ዕቃ አምጥቻለሁ» ብሎ እንጦጦ የደረሰው።

ምኒልክ ምን አደረጉ? በችርቻሮ እንዳይሸጥ ከለከሉት። ዋጋውን ራሳቸው ቆረጡ፤ ካልተስማማህ በራስህ ወጪ ወደ ባሕር መልሰው አሉት። ለጠቅላላው ዕቃ 14,000 ብር ሰጡና ከዚያ ላይ የግመል ኪራይ ቀነሱ፤ የሟቹን የላባቱን ዕዳ ቀነሱ። የላባቱ አበዳሪዎችም ወሬውን ሰምተው ከያሉበት መጡበት። የቀረውንም በጥሬው አልከፈሉትም፤ ሐረር ሂድና ከመኮንን ተቀበል ብለው ወረቀት ጻፉለት።

የራምቦን ሕይወት የጻፉ ፈረንጆች ይህን ሲያነሡ ንጉሡን ስግብግብ፣ ገጣሚውን የዋህ አድርገው ማቅረብ ይወዳሉ። እኔ አልስማማም። ሰውዬው 8 ፍራንክ የገዛውን አሮጌ ብረት በ40 ሊሸጥ ነው የመጣው፤ የዋህነቱ የት ላይ ነው? ንጉሡም ያደረጉት ማንኛችንም ብንሆን የምናደርገውን ነው፤ ሌላ ሱቅ እንዳለ አውቀው ተከራከሩ። ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባው ብልሃት ችርቻሮውን መከልከላቸው ነው። ራምቦ ለየመኳንንቱ አንድ አንድ እያለ ቢሸጥ ኖሮ መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ይሻሙና ዋጋው ሰማይ ይወጣ ነበር። ገዢው አንድ ብቻ ሲሆን ግን የሚሻሙት ሻጮቹ ናቸው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጣሊያን በእሷና በዐፄ ዮሐንስ ጠብ ውስጥ ምኒልክ ገለልተኛ እንዲሆኑላት 5,000 ሬሚንግተን ልትሰጣቸው ተስማማች። ከ40 ፍራንክ ወደ ስጦታ! ውድድር ማለት ይህ ነው።

ይሁንና አንድ ጥያቄ ይቀራል። ፈረንሳይና ጣሊያን ይህን ያህል ለመርከስ አቅሙን ከየት አመጡት? መልሱ አውሮፓ ውስጥ ነው። በ1886 ፈረንሳይ ጭስ የሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ጠመንጃ ለሠራዊቷ ስታድል የ1874ቱ ግራ (የእኛው ውጅግራ) ባንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። ጀርመኑም ጣሊያኑም እንግሊዙም እንዳይበለጡ ተከትለው ለወጡ። ጣሊያን በ1891 ካርካኖን ስትይዝ ቬተርሊው ትርፍ ሆነ። እነሱ እርስ በርስ ለመተላለቅ ሲሽቀዳደሙ፣ የጣሉት አሮጌ እየተጫነ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ። ማከማቻ ከሚያጣብብ በማንኛውም ዋጋ ቢሸጥ ይሻላቸዋል። ሳልባጅ ያልተጀመረው በልብስ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እዚህ ላይ ግን የጥይት ገበያ ከሽንኩርት ገበያ ይለያል። ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጥይት ግን ያልቃል። የውጅግራ ጥይት ሬሚንግተን ውስጥ አይገባም፤ የሬሚንግተኑም ለቬተርሊ አይሆንም። ጠመንጃውን እስክትገዙ ሻጮች ይሻሙባችኋል፤ ከገዛችሁ በኋላ የአንዱ ሻጭ እስረኛ ናችሁ። ማተሚያውን በርካሽ ሸጠውላችሁ ቀለሙን በውድ የሚያስከፍሏችሁን የኮምፒዩተር ነጋዴዎች የሚያውቅ ቢሮ ሁሉ ይገባዋል። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ቤልጅግ፣ ለበን እያልን የምንዘረዝራቸው ስሞች ለጀግንነት ማድመቂያ ብቻ አይደሉም። እያንዳንዱ ስም ጥይት ሲያልቅ የማን ደጅ እንደሚጠና ይናገራል።

ጣሊያን ይህን በደንብ ገብቷታል። በ1889 የውጫሌ ውል ተፈረመ። በ1890 አውሮፓውያን ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ለአፍሪካ ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይሸጥ ተስማሙ። የስምምነቱ መግቢያ ስለ ባሪያ ንግድ መቆም የሚያወራ መልካም ወረቀት ነው። ለጣሊያን ግን ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ኢትዮጵያ በእኔ ሥር ናት ካለች በኋላ መሣሪያ የሚገባው በእሷ በር ብቻ ሊሆን ነው። ሁለተኛው ሱቅ ተዘጋ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ግን በጅቡቲ በኩል መሸጣቸውን አልተዉም፤ ሸፍኔ የሚባለው ነጋዴ ዕቃውን ያመላልስ ነበር። ስለዚህ ጣሊያን ደንበኛዋን ለማቆየት እንደገና መርከስ ግድ ሆነባት። በ1893 መልእክተኛዋ ዶክተር ትራቬርሲ ሁለት ሚሊዮን ጥይት ይዞ መጣ። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት የውጫሌን ውል አፈረሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ ብዙው የጣሊያን ወታደር አዲሱን ካርካኖ ሳይሆን አሮጌውን ቬተርሊ ይዞ ነበር። ምክንያቱም የሚያስቅ ነው፤ መጋዘን ውስጥ የቀረው የድሮ ጥይት ይለቅ ተብሎ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ሻጮች ሲሻሙ ነው። ገዢዎች ሲሻሙስ?

ይህን ለማየት ሩቅ ዘመን መሄድ አያስፈልግም። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት ባንድ ጊዜ ወደ መድፍ ጥይት ገበያ ወጡ። የኔቶ ወታደራዊ ኮሚቴ ሊቀመንበር የነበሩት የኔዘርላንዱ አድሚራል ሮብ ባወር በኦክቶበር 2023 ሲናገሩ፣ አንድ የ155 ሚሊ ሜትር የመድፍ ጥይት ከ2,000 ዩሮ ተነሥቶ 8,000 ዩሮ መግባቱን ገልጸው ነበር። ያው ብረት፣ ያው ባሩድ ነው። የተጨመረ ነገር ቢኖር ተራ የያዘው ሰው ብዛት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በማርች 2023 «በዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን እናቀርባለን» ብሎ፣ አባላቱ በጋራ እንዲገዙም አንድ ቢሊዮን ዩሮ መደበ። ቀኑ ሲደርስ የቀረበው ግማሽ ገደማ ነበር። በጋራ መግዛት ማለት እንግዲህ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ያደረጉት ነው፤ ገዢውን አንድ ማድረግ። እሳቸው ግን ለመወሰን ሃያ ሰባት ዋና ከተማ ማማከር አልነበረባቸውም።

ፋብሪካው ቢበዛስ ዋጋው ይወርድ አልነበር? የሚል ይኖራል። ፋብሪካ ሁሉ ባሩድ ይፈልጋል። ለባሩዱ የሚሆነው ናይትሮሴሉሎስ የሚሠራው ከጥጥ ፍሬ ላይ ከሚቀረው አጭር ጭረት ነው፤ አውሮፓ ደግሞ ይህን ጭረት በብዛት የምትገዛው ከቻይና ነው። አሥር ዳቦ ቤት ቢከፈት ዱቄቱ ከአንድ ወፍጮ ከሆነ ዳቦ አይረክስም።

አሜሪካ ውስጥ ያለው ደግሞ የባሰ ያስገርማል። እዚያ ጥይት ሱፐርማርኬት ውስጥ ይሸጣል፤ መደርደሪያው ላይ የስም ዓይነት ሞልቷል። ፌደራል፣ ሲሲአይ፣ ስፒር፣ ሬሚንግተን፣ ዊንቸስተር። ገዢው ሲያየው አምስት ተፎካካሪ ይመስለዋል። የመጀመሪያዎቹን አራቱን በ2020 ቪስታ የሚባል አንድ ኩባንያ ጠቅልሎ ይዟቸው ነበር፤ ሬሚንግተን ሲከስር ነው የጥይቱን ክፍል በርካሽ ያነሣው። በ2024 መጨረሻ ደግሞ አራቱም ባንድ ላይ ለአንድ የቼክ ኩባንያ ተሸጡ። ወረርሽኙ በገባበት በ2020 አሜሪካኖች ወደ ጠመንጃ ቤት ሲሮጡ፣ ከ20 የአሜሪካ ሳንቲም የማይበልጠው የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ወጣ። በዚያ ላይ በ2021 መንግሥት የሩሲያ ጥይት ለማስገባት አዲስ ፈቃድ መስጠት አቆመ፤ ርካሽ የሚባለው የክላሽ ጥይት የሚመጣው ከዚያ ነበር። አንድ ተፎካካሪ በፖለቲካ ምክንያት ከገበያ ወጣ። እዚያ አገር ሰው በጥይት ዋጋ ሲማረር ስሰማ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቆይቶ ግን እኛም አገር ይህንኑ ምሬት ስሰማ ማደጌ ትዝ አለኝ።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። አጎቴ ገበሬ ነበሩ፤ ጠመንጃቸውን ከልጃቸው ለይተው የማያዩ። በእነሱ አገር የአንድ ሰው ልቅሶ በሁለት ነገር ይለካ ነበር፤ በሰዉ ብዛትና በተተኮሰው ጥይት። «የእነ እገሌ አባት ሲቀበሩ ሠላሳ ጥይት ተተኮሰ» ከተባለ፣ ሌላው ዘመድ ለራሱ አባት ከዚያ አሳንሶ መተኮስ አይችልም። ስለዚህ ትልቅ ሰው ታመመ ሲባል ጥይት ይወደዳል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ አጎቴ ራሳቸው «ቀኛዝማች ሳይብስባቸው ልግዛ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኔቶና የመንዝ ልቅሶ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም ጋ ጎረቤት የገዛውን ያህል ካልገዙ እንቅልፍ የለም።

1983 ዓ.ም. ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። የደርግ ሠራዊት ተበትኖ ወታደሩ በየመንገዱ ሲጓዝ በእጁ የቀረው ብቸኛ ንብረት መሣሪያው ነበር። ተርቧል፤ እግሩ ቆስሏል፤ አገሩ ሩቅ ነው። ክላሹን በእህል፣ ጥይቱን በእንጀራ ለወጠ። አጎቴ ዝናራቸውን የሞሉት ያን ጊዜ ነው። ከተራበ ሻጭ የበለጠ ዋጋ የሚያወርድ ተፎካካሪ የለም፤ በጎኑ ሌላ የተራበ ሲቆም ደግሞ ምን ይባላል?

ታዲያ በዚያ ዓመትና በተከታዮቹ ምን ሆነ? የድንበር ጠብ ድሮም ነበር። በሬ ሰብል ገባ፣ ወሰን ተገፋ፣ ውኃ ተጠለፈ ይባላል። ሰው በዱላ ይማታል፤ የተፈነከተው ይታሰራል፤ ሽማግሌ ይገባል፤ ካሣ ይቆረጣል። ጥይቱ ሲረክስ ግን ዱላው እየቀረ ሄደ። የእናቴ የአጎት ልጅ በአንድ ጥማድ መሬት ወሰን ላይ ሞተ። ገዳዩ ጎረቤት ነው፤ ልጆቻቸው አብረው ከብት ይጠብቁ ነበር። የጥይቱ ዋጋ ያን ጊዜ ስንት እንደነበር ለቀስተኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ እንጀራ ነዋ።

ስለዚህ እኔ በሌላው ዕቃ ሁሉ ውድድሩ ይብዛ እላለሁ፤ ስልኩም ባንኩም ሲሚንቶውም። ጥይት ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። በስኳር ገበያ ገዢና ሻጭ ከተስማሙ ጉዳዩ አለቀ። በጥይት ገበያ ግን ሦስተኛ ሰው አለ። ገበያ አልወጣም፣ ዋጋ አልተከራከረም፤ ዕቃው ግን በመጨረሻ እሱ ጋ ይደርሳል። ያ ሰው የት ቆሞ ይደራደር?

«እንግዲያው ይወደድ» ማለትም ቀላል አልሆነልኝም። አገራችን በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ አውጥታለች፤ አዋጅ ቁጥር 1177። ከደርግ ዘመን ጀምሮ አምቦ አካባቢ የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ አለን፤ ምርቱ የመንግሥት ነው። ገበሬው የሚገዛው ግን ከዚያ አይደለም፤ በጨለማ ከሚመጣ ሰው ነው። በጨለማ ገበያ ደግሞ ዋጋ የሚጨምረው ሕጉ ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር፣ ያ በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ ብለን ሳንጨርስ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ውጊያ ሲነሣ፣ ጥይት ተወደደ ብሎ መግዛቱን የተወ ሰው አላየሁም። ጎረቤቱ ከገዛ ይገዛል። የአጎቴ ሚስት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ አንድ ቀን ስልክ ደውዬ ስለ ከብቶቹ ስጠይቃቸው «ወይኖ ዝናር ውስጥ ገባ» አሉኝ። ወይኖ የእርሻ በሬያቸው ነበር። ታናሹ ልጃቸው ሸጦ ጥይት ገዝቶበታል። በዚያ ዓመት መሬታቸውን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጡ።

ይሄ ከሁለቱ የቱ ይሻላል? ሲረክስ ሰው በቀላሉ ይሞታል፤ ሲወደድ እርሻው ጾም ያድራል፤ ሰውም መሞቱን አይተውም። ዋጋ የሚባለው ነገር ብቻውን የማይፈታው ጥያቄ እንዳለ የኢኮኖሚክስ መምህራን ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

እትዬ ዘንድ አንድ ነገር አለ። ከአያታቸው የወረሱት የውጅግራ ቀለህ ነው፤ ወፍራም፣ በስብ የተወለወለ ናስ። አፉን በትንሽ እንጨት ውታፍ ዘግተው ኩል ያስቀምጡበታል። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ነጋዴ መንደሩን ሲዞር አየውና ዋጋ ሰጣቸው። በሳምንቱ ሌላ ነጋዴ መጣ፤ የፊተኛው የሰጠውን ሲሰማ እጥፉን አለ። የፊተኛውም ሰምቶ ተመልሶ መጣና የሁለተኛውን እጥፍ ጠራ። ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ «ሽጪው እንጂ፣ ከዚህ በላይ ማን ይሰጥሻል?» ሲላቸው እትዬ ውታፉን ነቅለው ወደ ውስጥ አዩና፣ «ኩሉ መች አለቀ» ብለው መልሰው ወተፉት።